የማን ገብር?

በአገራችን የክርስቲያኖች ስም የተጻፈበትን መዝገብ፣ የደብር ቢሆን የጦር ሠራዊት ወይም የትምህርት ቤት፣ ገልጦ የተመለከተ ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ያገኛል፤ ይኸውም «ገብረ» የሚለው ነው። ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ መድኅን፣ ገብረ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ሕይወት፣ ገብረ እግዚአብሔር እያለ ይሄዳል። ቃሉ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ጆሮአችን አያስተውለውም። ዳሩ ግን አንድ አባት ገና አርባ ቀን የሞላውን ልጁን አሳቅፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ «ባሪያ» የሚል ስም ሲወጣለት ደስ ብሎት መመለሱ፣ ቀረብ ብለው ቢያስቡት ታላቅ ነገር ነው። ለልጁ ጌትነትን የማይመኝ አባት ማን ነው? ስለዚህ ይህ ስም ምን ማለት እንደ ሆነ፣ እነማን እንደ ተጠሩበት፣ እኛስ ምን እንዳደረግነው ጥቂት ለመመርመር አስበናል። ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ግን አስቀድመን እንናገራለን፤ ሰው ለማን ሊገዛ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በውስጡ አለበትና።

«ገብር» በግእዝ ባሪያ፣ ሎሌ፣ አገልጋይ ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የሚዛመደው ግስ ትርጓሜው ሠራ፣ አደረገ ነው፤ ስለዚህም ሥራ «ግብር» ይባላል። ይህ ሥር ወደ አማርኛ በተሻገረ ጊዜ ብዙ ልጆች ወልዶአል። ከምርቱ ከፍሎ ለገዢው የሚያስገባው ሰው «ገበረ» ተባለ፣ እርሱም «ገባር» ሆነ፤ አራሹም «ገበሬ» ተባለ። «ግብር» የሚለው ቃል ደግሞ ባላገሩ የሚያስገባውንም፣ ጌታው በአዳራሹ የሚያበላውንም ድግስ በአንድነት የሚጠራ ሆነ፤ ድግሱ ከማን ጎተራ እንደሚወጣ ቋንቋው ራሱ ሳይሸሽግ ይመሰክራል። በዕብራይስጥ እነዚሁ ሦስት ፊደላት ሲገኙ ግን ብርቱ ሰው፣ ጐልማሳ ያሰኛሉ፤ የመልአኩ የገብርኤል ስም ከዚያ የመጣ ነው። በአንዱ ቋንቋ ብርቱ የተባለው በሌላው ባሪያ መባሉ ቢያስገርምም፣ በግእዙ መንገድ ስንሄድ የምናገኘው ትርጉም የሚናቅ አይደለም። ገብር ማለት ሥራ ያለበት፣ ሥራውንም የሚሠራለት ጌታ ያለው ሰው ማለት ነው።

ከትርጓሜው ቀጥሎ የሰዋስው ነገር ይመጣል፤ ይህንንም የቅኔ ቤት ልጆች ያውቁታል። «ገብር» ለብቻው ሲቆም መጨረሻው ሳድስ ነው፤ ዘርፍ ሲከተለው ግን መጨረሻው ወደ ግእዝ ተለውጦ «ገብረ» ይሆናል፤ «ቤት» የሚለው ቃል «ቤተ ክርስቲያን» በሚባልበት ጊዜ እንደሚለወጥ ማለት ነው። እንግዲህ «ገብረ» ያለ ሰው ነገሩን ገና አልጨረሰም። ሰሚው «የማን?» ብሎ ሊጠይቀው መብት አለው። የስሙም ክብር ሁሉ ያለው በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ነው፤ ባርነት በራሱ ክብር ሆኖ አያውቅምና።

በዚህ ስም ከተጠሩት ሰዎች ብዙዎቹ በዓለም ዓይን ታላላቆች ነበሩ። የዐፄ ካሌብ ልጅ ንጉሥ ገብረ መስቀል በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ነገሠ። ቅዱስ ያሬድ በፊቱ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በካህኑ እግር ላይ እንደ ተከለ፣ ሁለቱም ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ሳያውቁት እንደ ቆዩ አባቶች ይተርካሉ። ከብዙ ዘመን በኋላም ቅዱስ ላሊበላ ስመ መንግሥቱ ገብረ መስቀል ሆነ፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዓምደ ጽዮንም ይህንኑ የመንግሥት ስም ይዘዋል። በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት አቡነ ባስልዮስም ከጵጵስናቸው በፊት ገብረ ጊዮርጊስ ይባሉ ነበር።

ንጉሥ ራሱን የመስቀል ባሪያ ብሎ ሲጠራ «ከእኔ በላይ ጌታ አለ፤ እኔም እንደ እናንተ ታዛዥ ነኝ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ከመስቀሉ በቀር በላዬ ማንም ስለሌለ ማንም አይጠይቀኝ» ማለቱም ሊሆን ይችላል። ስያሜው አንድ ሲሆን ልቡ ሁለት ነው። የሮሜ ፓፓ ታላቁ ጎርጎርዮስ ራሱን «የእግዚአብሔር አገልጋዮች አገልጋይ» ብሎ መጥራቱ፣ ከእርሱም በኋላ የተነሡት ፓፓዎች ስያሜውን መውረሳቸው የታወቀ ነው፤ ከወራሾቹ መካከል ግን በነገሥታት ላይ የነገሡ ነበሩባቸው። የትሕትና ስም ከዙፋን ላይ ሲነገር አንዳንድ ጊዜ ከትዕቢት ስም ይልቅ ከፍ ብሎ ይሰማል። ከዚህ ይልቅ የዝቋላው ጻድቅ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነገር ደስ ያሰኘኛል። እርሳቸው በስማቸው ገብር ናቸው፤ ሕዝቡ ግን «አቦ» እያለ አባት አድርጎ ይጠራቸዋል። ተገቢው ሥርዓት ይህ ይመስለኛል፤ ባርነቱን ባለ ስሙ ይናገር፣ አባትነቱን ሌሎች ይመስክሩለት።

ይህ አሰያየም የእኛ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የነቢዩ የአብድዩ ስም የእግዚአብሔር ባሪያ ማለት ነው። ዐረቦችም እስላሞቹም ክርስቲያኖቹም «ዐብድ» የሚለውን ቃል አስቀድመው ዐብዱላህ፣ ዐብደል መሲሕ ይላሉ። በጀርመን የጥንቱ ጎትሻልክ የሚለው ስም የእግዚአብሔር ሎሌ ማለት ሲሆን፣ በስኮትላንድ ማልኮልም የሚባለው የቅዱስ ኮሉምባ አገልጋይ ማለት ነው። ዛሬ ማልኮልም ተብሎ ከሚጠራው ሰው ስንቱ ይህን ያውቅ ይሆን? ስም ከትርጓሜው ተለይቶ ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል፤ እኛ ግን ግእዙ በጆሮአችን ስላለ እንደነዚያ አላወቅንም ብለን ልናመካኝ አንችልም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ክርስቲያን ልጅ በአገራችን ሁለት ስም ይወጣለታል። አንዱ ወላጆቹ የሚያወጡለት የዓለም ስም ነው፤ ሁለተኛው ወንዱ በአርባ ቀን፣ ሴቲቱ በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ ካህኑ የሚሰጣቸው የክርስትና ስም ነው። የዓለሙን ስም ብንሰማ ጌታቸው፣ ጌታሁን፣ ግዛቸው፣ አሸናፊ፣ ንጉሤ ነው። የክርስትናውን ብንሰማ ገብረ ማርያም፣ ለሴቲቱም ወለተ ማርያም ወይም አመተ ማርያም ነው፤ «አመት» የገብር አንስታይ ናትና። አንዱ ሕፃን በገበያ «የእነርሱ ጌታ» ተብሎ በመቅደስ «ባሪያ» ይባላል። ይህ ሁለትነት በመልካም ቢተረጐም ጥበብ አለበት፤ በሰው ፊት አትዋረድ፣ በእግዚአብሔር ፊት አትኩራ የሚል ትምህርት ይሆናል። የሆነው ግን እንደዚያ አይመስለኝም። የጌትነቱ ስም ቀኑን ሙሉ ሲጠራ፣ የባርነቱ ስም ለቍርባንና ለጸሎት ብቻ ተቀምጦ ይውላል። ይባስ ብሎም መተተኛ በስሙ ይደግምበታል በማለት የክርስትና ስሙን ከጎረቤት የሚሸሽግ ብዙ ነው። በዐቢይ ጾም ስድስተኛውን እሑድ «ገብር ኄር» ብለን ስናከብር መክሊቱን በመሬት ስለ ቀበረው ሰነፍ አገልጋይ እንሰማለን፤ ስማችንን ግን ቀብረን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ሰውየው ሲሞት ካህኑ ለፍትሐቱ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሚስቱም ልጆቹም የማያውቁበት ጊዜ አለ።

በአደባባይ «ገብረ» የሚባሉትስ እንዴት ሆኑ? እነዚህን ደግሞ ስማቸውን ቆርጠን «ገብሬ» እንላቸዋለን። በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ሁሉ እንብርት እዚህ ያለ ይመስለኛልና። ስም ማሳጠር የፍቅር ልማድ ነው፤ ወልደ ሚካኤልን ወልዴ፣ ኃይለ ማርያምን ኃይሌ እንላለን። በመጨረሻ የገባችው «ኤ» ግን ባዶ ድምፅ አይደለችም፤ በአማርኛ «የእኔ» ማለት ናት። ቤቴ ማለት የእኔ ቤት፣ ልጄ ማለት የእኔ ልጅ እንደ ሆነ፣ ወልዴ ማለት የእኔ ልጅ፣ ኃይሌ ማለት የእኔ ኃይል ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም ክፉ የለበትም። እንግዲህ «ገብሬ» ማለት ምን ይሆናል? የእኔ ባሪያ! ካህኑ በማየ ጥምቀት ላይ የማርያም ያለውን ልጅ ጠሪው በአንዲት ፊደል የራሱ አደረገው። የጌታው ስም ተቆርጦ በወደቀበት ቦታ የጠሪው ስም ገባ ማለት ነው።

እናት ልጅዋን «ገብሬ» ስትለው ከፍቅር በቀር ሌላ የለበትም፤ እርስዋ ራስዋ አገልጋዩ ናትና ቃሉ ይገለበጣል። የዐፄ ቴዎድሮስ የልብ ወዳጅና የጦር አለቃ ፊታውራሪ ገብርዬም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ጦርነት ለጌታው ሲዋጋ በወደቀ ጊዜ፣ ያ «ገብርዬ» የሚለው ስም በሁለቱ መካከል የፍቅርና የታማኝነት ቃል ነበረ። ዳሩ ግን ይህንኑ ቃል ባለ ርስቱ በገባሩ ላይ፣ አለቃውም በጭፍራው ላይ ሲጣራው አስቡ። ፊደሉ ያው ነው፤ ትርጓሜው ግን ሳይታወቅ ወደ እውነት ይቀርባል።

በትግራይና በኤርትራ «ገብሩ» ይባላል፤ ይህ ደግሞ የተለየ ነው። በግእዝ «ገብሩ» ማለት የእርሱ ባሪያ ማለት ስለሆነ፣ የጌታው ስም ቢጠፋም «የእርሱ» የሚለው ቀርቶ ቦታውን ይጠብቅለታል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት መግቢያ ከሐዋርያነቱ አስቀድሞ ባርነቱን ሲያኖር በግእዙ የምናነበው ይህንኑ ቃል ነው። የወሎ እስላም ወንድማችንም ዐብዱላህን ወይም ዐብዱልቃድርን «አብዱ» ብሎ ሲያሳጥር በዐረብኛው ያው «የእርሱ ባሪያ» ይሆንለታል። እኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ ባለቤቱን አስወጥተን ራሳችንን አስገባን። ማንም አስቦ ያደረገው ነው አልልም፤ ቋንቋ ግን ሳናስብ የምናደርገውን ይዞ ይኖራል።

ይህ ሁሉ የሰዋስው ሊቃውንት ጭንቀት ብቻ በሆነ ኖሮ እንዴት በወደድሁ! ነገር ግን በዚህች አገር ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ባርነት ነበረ። ፍትሐ ነገሥት ሰዎች በተፈጥሮ ነጻ መሆናቸውን አምኖ፣ አንዱን ለሌላው ባሪያ ያደረገው ጦርነት እንደ ሆነ ይገልጻል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ባሮች ሥርዓት ይጽፋል። ጌታውም በቤቱ ያለውም ባሪያ በአንድ ውኃ ተጠምቀው ሁለቱም የአንዱ ጌታ ገብር የተባሉበት ቤት ነበረ። አንደኛው ገብር ግን ሁለተኛውን በገንዘብ ገዝቶታል። በየትኛው ሥልጣን? ባሪያ የጌታውን ባሪያ ሊሸጥ እንደማይችል ከሕጉ ሁሉ አስቀድሞ የክርስትና ስማቸው ሊነግራቸው በተገባ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ ባርነትን ለማጥፋት ግዴታ ገባች፤ በዚያው ዓመት ስለ ባሮች ነጻነት ሕግ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፍ ደራሲው ከሞተ በኋላ የታተመውም በዚያው በ1916 ዓ.ም. ነበር። የሕዝብ ሀብት የሚገኘው ከሥራና ከዕውቀት እንደ ሆነ ያስረዳው ይህ ሰው በስሙ ገብር መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ሆኖም ግብር ማለት ሥራ መሆኑን እንደ እርሱ በሚገባ የተረዳው በዘመኑ ብዙ አልነበረም።

ዛሬ ባሪያ የሚሸጥበት ገበያ የለም ብለን እንዳናርፍ ደግሞ ወደ ዐረብ አገር እንመልከት። አመተ ማርያም ተብላ የተጠመቀች ልጅ ለቤት ሥራ ተሻግራ፣ ፓስፖርትዋን አሠሪዋ ቆልፎበት፣ ያለ ፈቃዱ ከቤት መውጣት የማትችልበት ጊዜ አለ። በከተማችንስ የቤት ሠራተኛዋን የክርስትና ስም የሚያውቅ ስንት ቤት ይገኛል?

ከካህናት ወገን አንድ መቃወሚያ ሊመጣ እንደሚችል አውቃለሁ። ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ ከእንግዲህ ባሮች ሳይሆን ወዳጆች እንደሚላቸው በዮሐንስ ወንጌል ነግሮአቸው የለምን? ታዲያ ጌታ ያነሣውን ስም እኛ ለምን በልጆቻችን ላይ እንመልሳለን? መቃወሚያው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቃሉን የተናገረው ጌታው ነው፤ ወዳጅ ብሎ መጥራት የእርሱ ስጦታ እንጂ አገልጋዩ ለራሱ የሚያወጣው ስም አይደለም። በዚያው ምሽት እግራቸውን ያጠበው እርሱ መሆኑንም መርሳት አይገባም። ጳውሎስም ያዕቆብም ይሁዳም በመልእክታቸው ራሳቸውን ባሪያ ያሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ስሙ በእውነት ሲኖር ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ደግሞ በጥቅምት 14 ቀን የሚነበበውን የስንክሳር ታሪክ ይመልከት። የቍስጥንጥንያ ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ነበረ፤ ስሙም ዐብደል መሲሕ፣ ይኸውም ገብረ ክርስቶስ ማለት ነው። በሠርጉ ሌሊት ቤተ መንግሥቱንም ሙሽራይቱንም ትቶ ሄደ፣ በሩቅ አገር ከነዳያን ጋር ተቀመጠ። ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ በገዛ አባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ሆኖ ወደቀ፤ ማንም አላወቀውም። የአባቱ ሎሌዎች እጣቢ ይደፉበት ነበር፤ ውሾችም ቍስሉን ይልሱት ነበር። ማን እንደ ሆነ የታወቀው ሞቶ በእጁ የያዘው ጽሑፍ በተነበበ ጊዜ ነው። ሙሽራይቱን መተዉን ሁሉ ሰው እንዲከተለው አልመክርም፤ ስለ እርስዋ ኀዘን ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ከታሪኩ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፤ በዚያ ደጅ የነበሩት ሎሌዎች የንጉሡ ባሮች ሲሆኑ ከእነርሱ በታች ባገኙት ላይ ወዲያው ጌቶች ሆኑ። ልዑሉ ግን የክርስቶስ ባሪያ ስለ ነበረ የማንም ጌታ መሆን አላስፈለገውም።

በዛሬው ዘመን በከተማ ለሚወለዱ ልጆች «ገብረ» ብሎ የዓለም ስም የሚያወጣ እምብዛም አይታይም፤ ቃሉ ያለው በአባትና በአያት ስም ላይ ነው። ለሕፃናቱ ናትናኤል፣ ዮናታን የመሰሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች ይመረጣሉ። እነዚህ መልካም ስሞች ናቸው፤ ሁለቱም እግዚአብሔር ሰጠ ማለት ናቸው። ልዩነታቸውን ግን ልብ ማለት ያሻል። በ«ገብረ» ባለዕዳው ሰው ነው፤ በ«ናትናኤል» ሰጪው እግዚአብሔር ሆኖ ሰው ተቀባይ ነው። ከማገልገል ስም ወደ መቀበል ስም መዛወራችን ስለ ዘመናችን አንድ ነገር ሳይናገር አይቀርም።

የቀረውን ደግሞ የባዕድ አገር ጸሐፊዎች እየጨረሱት ነው። በአሜሪካም በኤውሮፓም የስም ቅጽ ሲሞላ «ገብረ» እንደ አንድ ስም፣ «ማርያም» እንደ ሌላ ስም ተቆጥሮ ይለያያል፤ ሰውየውም በመሥሪያ ቤቱ «ሚስተር ማርያም» ሲባል ይውላል። በአንጻሩ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 እና በ2000 በኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ ያሸነፈውን ኃይሌን ዓለም የጠራው በአባቱ ስም «ገብረ ሥላሴ» እያለ ነው። በገዛ አገሩ በአጭሩ «ኃይሌ» የተባለው፣ ትርጕሙን በማያውቁ ሰዎች አፍ ሳይቆረጥ የሥላሴ ባሪያ ተብሎ ተጠራ።

በዋሺንግተን የተወለደ ልጅ አያቱ ለምን «ገብሬ» እንደሚባሉ እናቱን ቢጠይቃት፣ «አገልጋይ ማለት ነው ልጄ» ብላ ትመልስለት ይሆናል። ልጆች በአንድ መልስ አይረኩምና ቀጥሎ «የማን?» ማለቱ አይቀርም፤ እርስዋም የአባትዋን ሙሉ ስም ማስታወስ ይኖርባታል።